በእትዬ ዘይነባ ስም የሚያንኳኳው

አማርኛችን መጠርጠርን ሲያስተምር ስስት አያውቅም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል፤ ይኸ አልበቃ ሲለው ደግሞ «ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር» ብሎ ቁርሱን በሰላም የሚበላውን ሰው ማንኪያ ያስጥለዋል። እኔ ብፈልግ ብፈልግ ያጣሁት፣ የተጠረጠረው ሰው ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ ጠርጣሪው ምን ማለት እንዳለበት የሚያስተምር ተረት ነው። የምታውቁት ካላችሁ አካፍሉኝ። ገንፎው ተፈልጎ ተፈልጎ ስንጥሩ ሲታጣ ሰው ምን ይላል? መቼም ገንፎን ይቅርታ የጠየቀ ሰው አላየሁም።

በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ በተለይ የመጀመሪያው ዙር አልፎ ሁለተኛው ይምጣ አይምጣ ባልታወቀባቸው ወራት፣ እኛ አካባቢ ጥርጣሬ ከሁሉ ነገር ውስጥ ይገባ ነበር። የጭነት መኪና ጎማ ሲፈነዳ ሰፈር ሙሉ መሬት ላይ ይተኛል። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ «ፀጉረ ልውጥ ስታዩ ጠቁሙ» ሲል ይውላል። ምክሩ ክፉ አይደለም፤ ችግሩ ከዚያ ሁሉ ስደትና እንግልት በኋላ ፀጉሩ ያልተለወጠ ሰው ማግኘቱ ላይ ነበር። እኔ ራሴ አንድ ቀን ራሴን ሙልጭ አድርጌ ተላጭቼ መርሳ መናኸሪያ ብወርድ፣ ለዓመታት በየቀኑ የሚያየኝ ጥበቃ መታወቂያ ጠየቀኝ። ሰጠሁት። ፎቶዬን አየ፣ ራሴን አየ፣ «ያኔ ፀጉር ነበረህ» አለኝ፤ የሆነ ነገር የደበቅኩት ይመስል።

ቤቴ ወልድያ ነው፣ እንጀራዬ መርሳ። ጠዋት በሚኒባስ እወርዳለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። መሥሪያ ቤቴን ስሙን ተዉት፤ የሐብሩ ወረዳ ገበሬ የመሬት ይዞታው የሚመዘገብበት ቤት ነው ካልኳችሁ ይበቃል። እኔ የኮምፒዩተር ባለሙያው ነኝ። በወረቀት ላይ ያለው የሥራ መደቤ ስም አንድ መስመር ተኩል ይፈጃል፤ በተግባር ግን «ፕሪንተሩ እምቢ አለ» ሲባል የምጠራ ሰው ነኝ።

ጦርነቱ ሲደርስ ሁላችንም ተበታተንን። እኔ ደሴ፣ ደሴም ስትያዝ ደብረ ብርሃን ደረስኩ። ስንመለስ የቢሯችን በር ራሱ አልነበረም። ወንበር የለ፣ ኮምፒዩተር የለ፤ የገበሬው የመሬት መዝገብ ግማሹ ማገዶ ሆኗል፣ የተረፈው ግቢው ውስጥ ዝናብ በልቶት ገጹ ከገጹ ተጣብቋል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ይኸ ነው፤ መዝገቡን በሙሉ፣ ገጽ በገጽ፣ ኮምፒዩተር ውስጥ አስገብተነው ነበር። ሁለት ዓመት የፈጀ ሥራ ነው። የነበረው ሦስተኛው ኮምፒዩተር ላይ ነው፣ ኮምፒዩተሩም ሄደ። መጠባበቂያ ቅጂ አልነበረም ወይ? ነበር። የተቀመጠው እዚያው ኮምፒዩተሩ ያለበት ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ነው። እዚያ ያስቀመጠው ባለሙያ ማን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

መዝገቡ መጥፋቱ በገጠሩ ሲወራ ድንበር መራመድ ጀመረ። ሰው ተሰዶ ሲመለስ የድንበር ድንጋዩ እሱ ከሚያውቀው ቦታ ሦስት አራት እርምጃ ወደ ውስጥ ገብቶ ያገኘዋል። ይከሳል። «ማስረጃህ?» ይባላል። የይዞታ ደብተሩ ከቤቱ ጋር ተቃጥሏል፤ የእኛም መዝገብ የለም። ታዲያ ምን ይበል?

ያን ሁለት ዓመት የፈጀ ሥራ የሠሩት እትዬ ዘይነባ ናቸው። እትዬ ዘይነባ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሃምሳን ዘለል ያለ፣ የሐብሩን ገበሬ ከነአያቱ የሚያውቁ፣ ድምፃቸው ከፍ ብሎ የማይሰማ ሴት። እኛ ስንሸሽ እሳቸው አልሸሹም። እናታቸው አልጋ ላይ ነበሩ፤ እናት በጀርባ ታዝለው ደሴ አይደርሱም። ስለዚህ መርሳ ቀሩ፣ ያ ሁሉ ወር ሲያልፍ እናታቸውን እያገላበጡ አሳለፉ፣ እኛ ልንመለስ ጥቂት ሲቀረንም ቀበሯቸው። ስንመለስ በግቢው በር ላይ ቆመው ተቀበሉን። አብዛኛው ሰው አቅፎ አለቀሰ። ጥቂቱ ግን በጎን አየ። «እሷ እኮ ቀርታ ነበር» የሚባል ነገር ነበር በዚያን ጊዜ። ሁለት ቃል ነው፣ «ቀርታ ነበር»፤ ከአባት ስም በላይ የሚጣበቅ።

እንግዲህ ከወራት በኋላ አራት አዳዲስ ኮምፒዩተሮች በእርዳታ መጡልን። አንዱን የሌሎቹ አለቃ አድርጌ ሰርቨር አልኩት። በላዩ ላይ ጥሩ የጥበቃ ሶፍትዌር ነበረው፤ የማያውቀው መሣሪያ ሊገባ ሲሞክር ቀይ መስኮት እየከፈተ የሚጮህ። ዋይፋዩንም ዘረጋሁ። የዋይፋዩን ስምና ፓስወርድ ከጦርነቱ በፊት የነበረውን አደረግኩት፣ አንድ ፊደል ሳልለውጥ። ሰነፍክ እንዳትሉኝ፤ የድሮው ጊዜ ናፍቆኝ ነው።

ኢንተርኔት አልነበረም። ይህን ያዙልኝ። መስመሩ ከተቋረጠ ቆይቷል፤ የእኛ ዋይፋይ የሚያገናኘው የቢሯችንን ማሽኖች እርስ በርስ ብቻ ነው።

ዋይፋዩ ሥራ በጀመረበት ሰኞ ጠዋት ሶፍትዌሩ ጮኸ። በእንግሊዝኛ የጻፈውን ላቅልላችሁ፤ «ያልታወቀ መሣሪያ ወደ መዝገብ ለመግባት ሞክሮ ታግዷል። የተጠቃሚው ስም፦ ዘይነባ። የይለፍ ቃሉ ስህተት ነው።» እትዬ ዘይነባ ፓስወርዳቸውን ተሳስተው ነው ብዬ ፈገግ አልኩና በመስኮት አየሁ። ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው የረጠበ ወረቀት ከረጠበ ወረቀት ይለያያሉ። ኮምፒዩተር አጠገባቸው የለም። ሶፍትዌሩ እንደገና ጮኸ። ዘይነባ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አሁንም፤ ዘይነባ።

ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ሆነ። ድምፁን ብዘጋው መስኮቱ ይከፈታል፣ መስኮቱን ብዘጋው የሙከራዎቹ ዝርዝር ይሞላል። በሁለተኛው ሳምንት ረቡዕ ኃላፊያችን አቶ ጌታሁን ከኋላዬ ቆመው ቀዩን መስኮት አነበቡት። አቶ ጌታሁን ክፉ ሰው አይደሉም። ቤታቸው ተዘርፏል፤ ከአምስት ልጆች ጋር ትምህርት ቤት ወለል ላይ አድረዋል። የፈራ ሰው ናቸው። የፈራ ሰው ደግሞ ማኅተም ሲኖረው እጁ ይፈጥናል።

«ቀርታ ነበር አይደል?» አሉ።

«እናታቸው ታመው ነው የቀሩት።»

«እሱን ሌላው ያጣራዋል። እኔ ስሟን ለጸጥታ ላስተላልፍ ነው።»

በዚያን ሰሞን ስም ወደዚያ ሲሄድ ባለቤቱ ይከተለዋል። ኋላ ባለቤቱ ቢመለስ እንኳ ስሙ አብሮት አይመለስም። «ሁለት ቀን ይስጡኝ፣ ከየት እንደሚመጣ ላግኝ» አልኩ። እስከ ዓርብ ማታ ሰጡኝ። ወሬው ግን ቀን አልጠበቀም፤ በማግሥቱ ምሳ ሰዓት ከእትዬ ዘይነባ ጋር በአንድ ትሪ የሚበሉት ሴቶች ሁሉ ድንገት ጾመኞች ሆኑ።

አልዋሻችሁም፣ እኔም ጠርጥሬያቸው ነበር። ረቡዕ ማታ በሚኒባስ ወደ ወልድያ ስወጣ፣ ሲሪንቃን እስካልፍ ድረስ «ምናልባት ተገደው ፓስወርዳቸውን ሰጥተው ይሆን?» ስል ነበር። ወልድያ ስደርስ አፈርኩ። ሐሙስ ከምሳ በኋላ የሙከራዎቹን ዝርዝር አተምኩና ይዤላቸው ሄድኩ። ተጠርጣሪን ማማከር ሕጉ እንደማይፈቅድ አውቃለሁ፤ ሕጉን የጻፈው ሰው ግን እትዬ ዘይነባን አያውቅም።

«በአንቱ ስም ሊገባ የሚሞክር ሰው አለ» አልኳቸው።

ወረቀት የያዘው እጃቸው ቆመ። «አለቃችን ያውቃል?»

«ያውቃሉ። እስከ ነገ ማታ ነው።»

«ትሪው የራቀኝ ለካ በዚህ ነው።» ከዚያ ሻሻቸውን አስተካከሉና «በል ሰዓቱን አንብብልኝ» አሉ።

«የምኑን ሰዓት?»

«የሚያንኳኳበትን። ቀኑን ከነሰዓቱ።»

አነበብኩ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይጀምራል። ስድስት ተኩል ላይ ያቆማል፣ ስምንት ሰዓት ላይ ይቀጥላል፣ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ያበቃል። መብራት ሲጠፋ እሱም ይጠፋል። እትዬ ዘይነባ ጣታቸውን እያጠፉ ይሰማሉ። ዓርብ ላይ ስደርስ «ቆይ፣ እሱን ድገመው» አሉ። ደገምኩት። ዓርብ አምስት ተኩል ላይ ቆሞ እስከ ስምንት የለም።

«ጁምዓ ይሰግዳል» አሉ።

«ማን?»

«ጠላትህ ነዋ። ቅዳሜስ?»

«ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ አለ። ለምሳም አልወጣ።»

«ቅዳሜ እኛ ዝግ ነን፣ እሱ ክፍት ነው። ወላሂ ይኸ ሰላይ አይደለም። ይኸ ባለሱቅ ነው።»

እኔ የአንድ መስመር ተኩል የሥራ መደብ ያለኝ ባለሙያ፣ አሥር ቀን ሙሉ ማን እንደሆነ ስፈልግ አንድ ጊዜ እንኳ ሰዓቱን አላነበብኩትም። ያኔ ነው የዘነጋሁት ሁሉ አንድ ላይ የመጣልኝ። ኢንተርኔት የለም ብያችሁ አልነበር? ኢንተርኔት ከሌለ ከሩቅ የሚመጣ የለም። የሚያንኳኳው የዋይፋያችን እጅ የሚደርስበት ቦታ ላይ ነው፤ ማለትም ከግድግዳችን ማዶ። ደግሞስ የዋይፋዩን ፓስወርድ እንዴት አወቀ? እየሮጥኩ ገባሁና ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ራውተር ላይ የተገናኙትን መሣሪያዎች ዝርዝር ከፈትኩ። አራቱ ኮምፒዩተሮቻችን አሉ። የእኔ ስልክ አለች። ስድስተኛ አለ። ስሙ «መዝገብ ሦስት» ይላል።

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ያን ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ።

እትዬ ዘይነባ ተከትለውኝ ገብተው ነበር። «ምነው ልጄ፣ ምን አየህ?»

«እትዬ ዘይነባ፣ ያንቱ ኮምፒዩተር ነው። የተዘረፈው።»

ለረጅም ጊዜ ስክሪኑን አዩ። «በሕይወት አለ?» አሉ፣ ስለ ሰው እንደሚጠየቅ።

ነገሩ ቀላል ነው። ከብት ቤቱን ያውቃል አይደል? ያ ኮምፒዩተር በተከፈተ ቁጥር የሚያውቀውን የዋይፋይ ስም ይፈልጋል፤ እኔ ናፍቆኝ አንድ ፊደል ሳልለውጥ ስለተውኩት ያገኘዋል፣ ይገናኛል። ከዚያ እንደ ድሮው ማሽኖቻችን ፋይል የሚለዋወጡበትን «መዝገብ» የተባለ የጋራ ፎልደር በእትዬ ዘይነባ ስምና በእትዬ ዘይነባ የድሮ ፓስወርድ ሊከፍት ይሞክራል። ፓስወርዱ ተቀይሯል፤ ይከለከላል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ይሞክራል። አሥር ቀን ሙሉ ሰርጎ ገብ እያልን የከለከልነው የራሳችንን ንብረት ነበር።

ከጀርባ ግድግዳችን ማዶ ሦስት ሱቆች አሉ፤ ልብስ ሰፊ፣ ፀጉር ቤት፣ እና ይማም። ይማም ፎቶ ያትማል፣ ማመልከቻ ይጽፋል፣ ለባጃጅ ሹፌሮች ፍላሽ ላይ ዘፈን ይጭናል። ኮምፒዩተር ያለው እሱ ብቻ ነው።

«ለአቶ ጌታሁን ልንገራቸው» ብዬ ተነሣሁ።

«ተቀመጥ» አሉኝ። «አሁን ብትነግረው ከሚሊሻ ጋር ነው የሚሄደው። ይማም ደግሞ የልጆች አባት ነው። የእኔን ስም ለማውጣት ብለን የሌላ ሰው ስም አናስገባም። እኛ ራሳችን እንሄዳለን።»

ዓርብ ጠዋት፣ ሱቁን በከፈተ ሰዓት ሄድን። ከድምፅ ማጉያው አምባሰል ይንቆረቆራል። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ከብቱ ተጠያየቅን። የእትዬ ዘይነባ ዓይን ግን ከጠረጴዛው ሥር ነበር። ሳጥኑ እዚያ አለ። ጎኑ ላይ እትዬ ዘይነባ ራሳቸው በቀይ የጥፍር ቀለም የጻፉት ሦስት ቁጥር፣ ግማሹ ተፍቆ ግማሹ ቀርቷል።

ይማም ያዩትን አየ። ዘፈኑን ዘጋው።

«አብሽር» አሉት እትዬ ዘይነባ። «ከማን ጋር እንደመጣሁ አየህ፤ ከፕሪንተር ጠጋኝ ጋር ነው። ንገረኝ።»

ነገራቸው። ከውርጌሳ በታች ያለ አንድ ገበሬ ከቦይ ውስጥ ነው ያገኘው፤ ጭነቱ የበዛበት መኪና ጥሎት የሄደ። በጆንያ አድርጎ በአህያ አመጣለት። ይማም በአንድ ሙክት ለወጠው፤ የማን እንደሆነ አላወቀም ነበር። ከፍቶ ሲያየው ግን አወቀ። የመንግሥት ንብረት ያለው በዚህ ቀን ውስጥ ይመልስ ተብሎ ሲለፈፍ ሊመልሰው አስቦ ፈራ፤ ድፍረት ሲያገኝ ቀኑ አልፎ ነበር። «ብመልሰው ዘራፊ እባላለሁ፣ ባልመልሰው ዘራፊ ነኝ» አለ። «በየቀኑ ነገ እላለሁ።»

እትዬ ዘይነባ ወደ ሳጥኑ ጠጋ አሉ። «ውስጡ የሰው ስም የተጻፈባቸው ገጾች ነበሩ።»

«አሉ።»

«አልሰረዝካቸውም?»

«ቦታውን ሁሉ ይዘውብኛል፤ ዘፈን መጫኛ አጥቻለሁ። አንድ ቀን ልሰርዝ ከፈትኳቸው። መጀመሪያ የወጣልኝ የአባቴ ስም ነው፣ ከነማሳው። ከዚያ በኋላ እጄ እምቢ አለኝ።»

እትዬ ዘይነባ ጎንበስ ብለው በነጠላቸው ጫፍ የሳጥኑን አቧራ ጠረጉ። እኔም ሥራ ያለኝ ይመስል ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን የሰርግ ፎቶዎች ተመለከትኩ።

ከዚያ ይማም፣ ለሐብሩ ሕዝብ ማመልከቻ የሚጽፈው ይማም፣ የሕይወቱን ምርጥ ማመልከቻ በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ጻፈ። «ጉዳዩ፦ በእጄ የሚገኘውን የመንግሥት ንብረት በፈቃዴ ስለመመለስ» ይላል። አተመው፣ ፈረመበት። ሳጥኑን ነቅሎ ትከሻው ላይ አወጣው። እኔ ገመዶቹን ያዝኩ፤ እትዬ ዘይነባ ማመልከቻውን ይዘው ፊት ፊት ሄዱ። ልብስ ሰፊው መርፌውን ሰክቶ፣ ፀጉር አስተካካዩም ግማሽ የተላጨ ደንበኛውን አስነሥቶ ተከተሉን። በግቢው በር ስንገባ ሠርገኛ እንጂ ተጠርጣሪ አንመስልም ነበር።

አቶ ጌታሁን ሁካታውን ሰምተው ወጡ። ሳጥኑን አዩ፣ ቁጥሩን አዩ፣ ይማምን አዩ። «ይህ ሰውዬ...» ብለው ሲጀምሩ እትዬ ዘይነባ ማመልከቻውን እጃቸው ላይ አኖሩት።

«በፈቃዱ ነው የመለሰው» አሉ። «እሱ ባይኖር መዝገቡም አይኖርም ነበር። በእኔ ስም አሥር ቀን ሲያንኳኳ የነበረውም ይኸው ኮምፒዩተር ነው። ለጸጥታ ሊሰጡኝ ካሰቡ እኔንና ይማምን አንድ ላይ ይስጡን።»

በሕይወቴ እትዬ ዘይነባ ሰው በተሰበሰበበት ይህን ያህል ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። አቶ ጌታሁን ማመልከቻውን አነበቡት፣ ደግመው አነበቡት። «በፈቃዴ» የሚለው ቃል ላይ ጣታቸው ቆየ። ማኅተማቸውን አስመጡና «ገቢ» ብለው መቱበት። ያ ማኅተም ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ይማም ያወጣው ትንፋሽ ለእኔም ተሰማኝ።

ኮምፒዩተሩን ሰካነው። ሠራተኛው ሁሉ ከኋላዬ ተሰበሰበ። የገበሬውን መዝገብ ከፈትኩት። አለ። ከመጀመሪያው ቀበሌ እስከ መጨረሻው፣ ገጽ በገጽ፣ የገበሬው ስም፣ የማሳው ስፋት፣ አዋሳኙ፤ አንድ አልጎደለም። እልልታውን መጀመሪያ ያቀለጡት ከትሪው የራቁት ሴቶች ናቸው። እኔም አለቀስኩ፤ ባለሙያ ነኝና ምክንያቱን ስክሪኑ ላይ አሳበብኩ።

የዚያኑ ዕለት ሦስት ቅጂ አወጣሁ። አንዱ መርሳ ነው፣ አንዱ ወልድያ። ሦስተኛው የት እንዳለ ለእናንተም አልነግራችሁም። ከመዝገቡ ጋር የይማም ዘፈኖችም አብረው መጡ፤ ለእሱ ገልብጬ መለስኩለት፤ ከእኛ ላይ ይጥፉ የሚል ትእዛዝ ቢወጣም እስከ ዛሬ የሚያጠፋ ሰው ጊዜ አላገኘም።

በሚቀጥለው ሳምንት እማማ ከዲጃ የሚባሉ አሮጊት ከውርጌሳ በኩል መጡ፤ ድንበራቸውን የገፋባቸው ጎረቤታቸውም አብሮ። እሱ መዝገብ የለም ብሎ በሙሉ ልብ ነው የመጣው። እትዬ ዘይነባ ሁለቱንም አስቀምጠው ስክሪኑን እያዩ ማንበብ ጀመሩ። «የወይዘሮ ከዲጃ ማሳ፣ በምሥራቅ ወንዝ፣ በምዕራብ መንገድ፣ በሰሜን...» ሲሉ ጎረቤትየው የገዛ ስሙን ሰማ። ስሙ ከአንድ ትልቅ የዋርካ ዛፍ ጋር ተጽፏል፤ ዛፉ ደግሞ መራመድ አይችልም። ራሱን አከከ። «እንግዲህ መዝገብ ካለ፣ ምን ያከራክረናል» አለ። ድንጋዩንም በዚያው ሳምንት ራሱ ተሸክሞ መለሰው።

እማማ ከዲጃ ለእትዬ ዘይነባ ዱዓ አደረጉ። ረጅም ዱዓ ነበር። ተሰላፊው ሁሉ አሚን እያለ ጠበቀ።

በወሩ መጨረሻ የሠራተኛ ስብሰባ ተደረገ። አቶ ጌታሁን ሌላውን አጀንዳ ሁሉ ከጨረሱ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉት። ከዚያም ዓይናቸውን ከወረቀቱ ላይ ሳያነሡ «በወይዘሮ ዘይነባ ላይ ስህተት ተፈጥሮ እንደነበር ታውቋል» አሉ። የመንግሥት አማርኛ እንዲህ ነው፤ ስህተቱ ይፈጠራል እንጂ የሚፈጥረው የለም፤ ይታወቃል እንጂ የሚያውቀው የለም።

ሁላችንም እትዬ ዘይነባን አየናቸው። እሳቸው ሻሻቸውን አስተካከሉ፣ እጃቸውን አውጥተው ዕድል እስኪሰጣቸው ጠበቁ፣ ብድግ አሉ።

«ሰምተናል» አሉ። «ይቅር ተብሏል።»

ተቀመጡ። ቃለ ጉባኤ ያዡም በዚያው መልኩ ጻፈው።